የመቀናጆ በሬ

ባሌ አንድ በሬ ነበረው፤ ጎረቤታችንም አንድ በሬ ነበረው። ሁለቱን አጣምደው በየተራ ያርሱ ነበር፤ አንድ ቀን የእኛን ማሳ፣ አንድ ቀን የእሱን። ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው ብርዳም ሜዳ ላይ ጥንድ በሬ ያለው ሰው ጥቂት ነበርና ብዙው እንዲህ እየተቀናጀ ነበር የሚያርሰው። መቀናጆ እንለዋለን። የልጅ ልጆቼ ይህን ስነግራቸው ሁለት ድሃ ተረዳዳ ብለው ያልፉታል። ነገሩ ግን ከዚያ ይበልጥ ነበር፤ እኔም ስለዚያ የሚበልጠው ነገር ነው የምጽፈው። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ ስለሆነ ቃል አላሳምርም።

የእኛ በሬ ጥቁርና ነጭ ዝንጉርጉር ስለነበር ቡሬ እንለው ነበር። ሰነፍ ነው፣ ሌባም ነው። ሲደክመው ትልሙ መሐል ቆሞ ባሌን ዞር ብሎ ያየዋል፤ አጥር ጥሶ የሰው ገብስ ሲበላ ግን ድካም የሚባል ነገር አያውቅም። እኔ እወደው ነበር። ከመዘዞ ተድሬ ስመጣ እናቴ እየናፈቀችኝ በረት ውስጥ ተደብቄ አለቅስ ነበር፤ እዚያ ያገኘኝ እሱ ነው። ጨው እያላስኩት ተላመድን። የጎረቤታችን በሬ መልኩም ስሙም ዳማ ነው፤ ቀይ፣ ኮስታራ፣ ሥራ የሚወድ፣ ሰው የማያስጠጋ። ቀንበር ውስጥ ሲገቡ ዳማ ይጎትታል፣ ቡሬ ይከተላል።

መቀናጆ የራሱ ሥርዓት አለው። የዕለቱን እርሻ ያረሰ ሰው ሁለቱንም በሬዎች አብልቶ አጠጥቶ ያሳድራል፤ ድርቆሹም መጀመሪያ የሚቀርበው ለባልንጀራው በሬ ነው። የራስ በሬ ቆሞ ይጠብቃል። የሰው በሬ በእጁ የታመመበት ወይም ገደል የገባበት ሰው ለረጅም ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ነው ሰው መሐል የሚገባው። እኔ ገና ልጅ እግር ስለነበርኩ ቡሬ ቆሞ ሲያይ አንጀቴ አልችል ይለኛል። ባሌ ዞር ሲል አንድ እቅፍ ድርቆሽ ጣል አደርግለት ነበር። አንድ ቀን ያዘኝ። አልተቆጣም።

«ያ እንግዳ ነው፤ ይኼ የቤት ልጅ ነው» አለኝና ወደ ሥራው ሄደ።

ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። ከጎረቤታችን ጋር ግን ማሳ ዳር ተቀምጠው ምን እንደሚያወሩ እንጃ፣ አንድ ቅል ጠላ ሳይጨርሱ ፀሐይ ትጠልቅባቸዋለች። መንደሩ ይቀልድባቸው ነበር። እኔም አልቀርም፤ «ሚስትህ እኔ ነኝ ወይስ እሱ?» እለው ነበር፤ በጢሙ ውስጥ ይስቃል። የመጀመሪያ ልጄን ወንድ ስወልድ ማን ክርስትና ያነሳዋል ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ጎረቤታችን አነሳው። ከዚያ ወዲህ አበልጅ ተባባልን፤ እኔም ያን አንተ ስለው የኖርኩትን ሰው አንቱ ማለት ጀመርኩ።

ጣልያን ደብረ ብርሃን ገብቶ ሲሰፍር ልጄ ገና ዳዴ አላለም ነበር። ተኩሱን እኛ ብዙም አልሰማነውም፤ የሰፈረው ጦር መብላቱን ነው ያወቅነው። ጦሩ ይበላል፣ የጭነት ከብቱም ይበላል። በጉ ከገበያ ጠፋ፣ ድርቆሹ ከየክምሩ ተጫነ፣ በቅሎው ከየደጃፉ ተፈታ። ወንዱ መንገድ ሥራ ተብሎ ስለሚነዳ በእርሻ ወራት ድንጋይ ሲፈልጥ ይውላል። እነዋሪና ለሚ ገበያ ደርሰው የመጡ ሰዎችም የሚያወሩት ይኸንኑ ነበር።

ከሁሉ የገረመን ግን ጭስ መከልከላቸው ነው። የእኛ አገር አፈር ቀዝቃዛ ነው። ማሳው ሣር ለብሶ ዓመታት ከተኛ በኋላ ይታረስና ጓሉ ከነሥሩ ይቆለላል፤ ክምሩ ሆድ ውስጥ እበት ይለኮስበትና ቀን ከሌት ሲጨስ ይሰነብታል። ገብስ የሚያምረው ያ የተቃጠለ አፈር ሲበተን ነው። በበጋ ከኮረብታ ላይ ቆሞ ለሚያይ አገሩ ሁሉ እዚህም እዚያም ይጨሳል። ምሽግ ውስጥ ያሉት ይህን ሲያዩ የአርበኛ እሳት መሰላቸው። አንድ ማለዳ አውሮፕላን መጣና የአንዱን ምስኪን የአፈር ክምር በቦምብ በተነው። ሰው አልተጎዳም፤ መንደሩ «አለሰለሰለት እኮ!» እያለ ሰነበተ። ቆይቶ ጭስ የታየበት ማሳ ባለቤቱ ይታሰራል የሚል ትእዛዝ በጭቃ ሹሙ በኩል ደረሰን፤ ሳቁም ቀረ። አፈር ካልተቃጠለ ያለው መላ ደጋግሞ ማረስ ብቻ ነው። እንዲህ ሆነና በሬ ይበልጥ ያስፈለገን በሬ በሚጠፋበት ዓመት ሆነ።

አበልጃችን ዱር የገቡት በዚያው ሰሞን ነው። ሚስታቸውንና ልጆቻቸውን እነዋሪ ወላጆቿ ዘንድ ሰደዱ፤ ቤታቸውን ዘጉ። አመሻሹ ላይ ዳማን እየሳቡ ወደ እኛ መጡ። ጋቢያቸው ሥር ጠመንጃ እንዳለ አውቄያለሁ፤ ባሌም አውቋል፤ ማናችንም አላነሳነውም።

«ጉልበቱ ላይ ትንሽ ቁስል አለችው» አሉ አበልጃችን።

«አይቻታለሁ» አለ ባሌ።

«ቅቤ ቀብቻታለሁ።»

«እኔም እቀባታለሁ።»

ስንብታቸው ይኸው ነበር። ከዚያ ልጄን ከጀርባዬ አውርደው አቀፉት። ጢማቸውን ይዞ ሲጎትት ሳቁ፤ ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቁና መልሰው ሰጡኝ። የሄዱት በገደሉ በኩል ነው።

ትንሽ ቆይቶ እኔ በተስቦ ወደቅሁ። በሽታው ሳይገድለኝ ቢለቀኝም ጡቴን አድርቆት ሄደ። ልጄ በሕይወት የቆየው አባቴ ሲድረኝ በሰጠኝ ላም ወተት ነው። ትንሽ ጥቁር ላም ነበረች፤ ጸባየ መልካም፣ ወተቷ ወፍራም። ጠዋት ስትታለብ ልጄ ድምፁን ሲሰማ እጁን ያጨበጭብ ነበር።

የበሬው ትእዛዝ የመጣው በየካቲት ነው። ጭቃ ሹሙ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሰብስበው ነገሩን። ጥንድ በሬ ከተገኘበት ግቢ አንዱ ለጦሩ ሥጋ ይወሰዳል፤ አንድ ብቻ ያለው ይተውለታል። ዱር የገባ ሰው በሬ ከተገኘ ግን ይወረሳል፤ የራሴ ነው ብሎ የደበቀለት ሰው ቤት ይቃጠላል።

ወደ ቤት ስንመለስ ነገሩ ለእኔ ግልጽ ነበር። ባሌ «ይህኛው የእሱ ነው፤ ጥሎት ሄደ» ካለ ዳማ ይወሰዳል፤ እኛ አንድ በሬ ያለን ሰዎች እንሆናለን፤ ቡሬ ይተርፋል፤ ከሌላ ጎረቤት ጋር ተቀናጅተን እናርሳለን። ውሸት የለበትም፣ ነውር የለበትም። አበልጃችንም ቢሆኑ በዚህ የሚቀየሙ ሰው አልነበሩም። ይህን ሁሉ እያስረዳሁት ቤት ደረስን። ባሌ ዝም ብሎ ሰማኝ። ዝም ሲለኝ የተስማማ መሰለኝ።

ባንዳዎቹ ከጭቃ ሹሙ ጋር የመጡት ማለዳ ነው። ሁለቱም በሬዎች በረት ደጃፍ ታስረው ነበር።

«የማን ናቸው?» አለ የባንዳዎቹ አለቃ።

«የእኔ» አለ ባሌ።

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ጭቃ ሹሙ ዳማ የማን እንደሆነ ጠንቅቀው ያውቃሉ። መሬት መሬት ያያሉ። ልጄን አዝዬ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ጀርባዬ ላይ ተወራጨ። ጭቃ ሹሙ ቀና ሳይሉ «አዎ፣ የእሱ ናቸው» አሉ።

«እንግዲያው አንዱን ፍታ» አለ አለቃው። «የፈለግኸውን።»

አሁንም ቢሆን ጊዜ ነበረን። ዳማን ይፈታዋል፣ ነገሩ ያበቃል ብዬ ጠበቅሁ። ባሌ ወደ በሬዎቹ ሄደ። ዳማን አንገቱን በእጁ ነካ አድርጎ አለፈውና ቡሬን ፈታ። ቡሬ ወደ ማሳ የሚወስዱት መስሎት እንደ ልማዱ እግሩን እየጎተተ ተከተለ። አጥሩ በር ላይ ሲደርስ ቆመና ዞር ብሎ ባሌን አየው። አንዱ ባንዳ በጠመንጃ አፈሙዝ ጎኑን ወጋ አደረገውና ሄዱ። እንባዬ አልመጣም፤ ተናድጄ ነበር።

«አብደሃል እንዴ?» አልኩት ከዓይን ሲርቁ።

«የሰው በሬ እንዴት አድርጌ ልስጥ?»

«የራስህንስ?»

«የራሴ የራሴ ነው።»

ዳማን ፈታና ውኃ ሊያጠጣው ነዳው። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ተናገርኩ፤ ለእሱም፣ ለድስቱም፣ ባዶ ለቀረው የበረቱ ጥግም ተናገርኩ።

የእርሻው ወቅት ሲገፋ አንድ አንድ በሬ የቀረላቸው ሰዎች እርስ በርስ ተቀናጁ። ባሌ በየደጃፉ ዞረ። ሁሉም ያከብሩታል፤ ሁሉም «ቁጭ በል» ብለው ጠላ ይቀዱለታል፤ ስለ መቀናጆ ሲያነሳ ግን ነገር ይለውጣሉ። ዳማን መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። ነገ አንድ ምቀኛ ቢናገር ከዳማ ጋር በሬውን ያጣመደው ሰውም አብሮ ይጠየቃል። አልፈርድባቸውም፤ የሁሉም ቤት የሣር ክዳን ነበር። ገሚሱ በዶማ ቆፈረ፤ ፈረስ ከበሬ ጋር ሲጠመድ ያየሁትም ያኔ ነው። ብዙ ማሳ ግን ጦሙን አደረ፤ ሣር በላው።

ከዚያ የባሌ ዓይን ላሜ ላይ አረፈ። ምንም ሳይናገር ገና ማየቱን ሳይ አወቅሁት። ላም መጥመድ እኛ ዘንድ ትልቅ ነውር ነው፤ መንገደኛ ሲያይ ያማትባል።

«ላሜን አትነካም» አልኩት።

«ዝናቡ ሊመጣ ነው። መሬቱ አንዴ እንኳ አልተነካም።»

«ልጅህ ምን ይጠጣ?»

«ካላረስኩ ምን ይበላል?»



በመጀመሪያው ቀን ላሜ ትልሙ ውስጥ ተኛች። ዳማ የለመደው የቡሬን ቁመት ነው፤ ላሟ አጭር ስለሆነች ቀንበሩ ያዘነብልና ሸክሙ ሁሉ አንገቷ ላይ ይወድቃል። እሱ በኃይሉ ሲጎትት እሷ ትንገዳገዳለች። እኔ ልጄን አዝዬ፣ አንድ ጭብጥ ሣር ይዤ ከፊቷ እየሄድኩ «ነይ እናቴ፣ ነይ» እያልኩ አስከትላት ነበር። ባሌ ጅራፉን አላነሳባትም። እርፉን እሱ ራሱ ወደ ፊት እየገፋ ላቡ በጀርባው ሲወርድ አያለሁ። ማሳው ጠርዝ ላይ ስንደርስ አንገቷን እዳስሳለሁ፤ ፀጉሩ ተገፎ ቆዳው ቀልቷል። በዚያ መንገድ የሚያልፍ ሰው ፊቱን አዙሮ «እግዜር ያበርታችሁ» ይለን ነበር።

ማታ ባሌ ድርቆሹን ይዞ ገባና ለዳማ አቀረበ። ላሜ አንገቷ ደምቶ ቆማ ታያለች። ሄጄ ከዳማ አፍ ሥር ድርቆሹን አፈስኩና ለእሷ ሰጠኋት። ባሌ አልከለከለኝም። ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ይኸው ሆነ፤ እሱ ለዳማ ያቀርባል፣ እኔ አነሳለሁ።

ወተቱ ዋንጫ ሙሉ የነበረው ግማሽ ሆነ። ከግማሽ ወረደና ከታች ጭላጭ ሆነ። በሰኔ ማሳው ታርሶ ገብሱ ሲዘራ ላሜ ፈጽማ ነጠፈች። ልጄ አሁንም የማለቢያውን ቅል ሲያይ ያጨበጭብ ነበር። ያን ማየት አልቻልኩም፤ ቅሉን ከቤት አውጥቼ ደበቅሁት። በሶ በጥብጬ ሰጠሁት፣ የአጃ አጥሚት አበላሁት፤ ይበላና ያስቀምጠዋል፣ ይበላና ያስቀምጠዋል።

ባሌ ገደሉን ወርዶ ወደ አልዩ አምባ ሄደ። እዚያ ገብስ በጨው የሚለዋወጠው አንድ እስላም ወዳጅ ነበረው። ሲመለስ አንዲት የምትታለብ ፍየል ትከሻው ላይ ተሸክሞ፣ ጋቢውን ለእሷ አልብሶ፣ እሱ በዝናብ ርሶ መጣ። ሰውየው «ለሕፃን ነው፤ በአላህ ይሁንብህ፣ ዋጋ እንዳታነሳብኝ» ብሎ አልቀበል እንዳለው ነገረኝ። ከዚያ ቀን በፊትም ሆነ በኋላ ባሌን እንደዚያ አልወደድኩትም፤ እንደዚያም አልጠላሁትም። ፍየሏ የቆላ ናት። እሳት ዳር አስረናት እንኳ ጥርሷ እስኪንገጫገጭ ትንቀጠቀጥ ነበር። ጥቂት ቀን ታለበች፤ ልጄም ጥቂት ቀን ዓይኑ በራ። ብርዱ ሲጠና ወተቷ እንደ ላሟ ሄደ።

ፍልሰታ ገባ። አገሩ በሙሉ ስለሚጾም በዚያ ወራት ወተት የሚጠጣ የለም፤ ጾም ነው ብሎ የሚተወው ወተት ያለው ቤት ግን ጥቂት ሆኖ ነበር። ቅሌን ካስቀመጥኩበት አወጣሁና በየቤቱ ዞርኩ። አንዲት ባልቴት ለፋሲካ እንኳ ቅቤ የማያወጡ ቆንቋና ናቸው ይባሉ ነበር፤ ልጄን ጀርባዬ ላይ አይተው ምንም ሳይሉ ጥጃዋን ከላሚቱ አላቀቁና ያለቻትን አልበው ሰጡኝ። እየሮጥኩ ወደ ቤት መጣሁ። በጣቴ ከንፈሩን አረጠብኩለት። ሊውጠው አቅም አልነበረውም።

ጾሙ ሳይፈታ ቀበርነው። ቄሱ ንጹሕ ነፍስ ነው፣ ወደ ገነት ነው አሉኝ። እኔ ገነት አልነበረም የፈለግሁለት፤ ወተት ነው የፈለግሁለት። ይህንንም በፊታቸው ተናገርኩ። ሰው ደነገጠ፤ እሳቸው ግን አልገሠጹኝም።

ገብሱ በዚያ ዓመት አማረ። እሸቱ ሲደርስ ባሌ በእጁ አሽቶ አመጣልኝ፤ አልተቀበልኩትም። በኋላ ግን በላሁ። ሁለታችንም በዚያ ገብስ ነው የተረፍነው፤ መንደሩ ውስጥ ያልተረፉ አሉ። በልጃችን ነገር አንድም ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ላሜ ከዚያ ወዲያ አልወለደችም። በየዓመቱ ከዳማ ጋር እየተጠመደች በሬ ሆና ቀረች፤ አንገቷ ላይ ያለው ጠባሳ እንደ ጫማ ቆዳ ደረቀ። ባሌ የዳማን ጉልበት ቅቤ ባይገኝ እንኳ በሞራ ያሸው ነበር። እኔ ዳማን ማየት አልወድም ነበር። ምንም አላጠፋም፤ አውቃለሁ፤ ግን አልወድም ነበር።

ጣልያን ወጣ። ሰው ከየዱሩ መመለስ ጀመረ፤ አንዳንዱ ቤት እልል ሲባል አጠገቡ ባለው ይለቀሳል። አበልጃችን የመጡት በጠራራ ፀሐይ ነው። ፀጉራቸው ገብስማ ሆኗል፤ አንድ እግራቸውን ይስባሉ። ወደ ቤታቸው እንኳ ሳይሄዱ ቀጥታ ወደ እኛ ግቢ ገቡ። ባሌና እሳቸው አንገት ለአንገት ተያይዘው ቆዩ። ከዚያ ዳማን አዩት።

«ወይ ዳማ!» አሉ። ዳማም አሸተታቸው። «ቡሬስ?»

«ጣልያን በላው» አለ ባሌ።

አበልጃችን ከንፈራቸውን መጠጡ። «የእኔው እንዴት ተረፈልኝ?»

«ተረፈ» አለ ባሌ። ገመዱን ፈታና እጃቸው ላይ አስቀመጠው።

እሳቸውም ገመዱን እንደያዙ ወደ እኔ ዞሩ። ከኋላዬ ወደ ቤቱ ውስጥ አዩ፣ ወደ ጓሮውም አዩ። ፊታቸው ፈካ ብሎ ነበር።

«ልጄስ? ይኼኔ እረኛ ሆኗል እኮ! የት ሰደዳችሁት?»

ባሌ አፉን ከፈተ። መልሶ ገጠመውና እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠ። ስለዚህ እኔ መለስኩላቸው።

«አበልጄ፣ በሬዎን አቆይተንልዎታል» አልኩ። «ልጅዎን ግን ማቆየት አልቻልንም።»

መጀመሪያ አልገባቸውም። እኔን ያያሉ፣ ባሌን ያያሉ። ከዚያ ዓይናቸው አጥሩ ሥር ወደምትግጠው ላሜ ሄደ፤ አንገቷ ላይ ያለውን የቀንበር ጠባሳ አዩ። ገበሬ ናቸውና ማንም ሳያስረዳቸው ተረዱት። ገመዱን ለቀቁት።

«ምነው ይኼን በሰጠሃቸው!» አሉ ባሌን፤ ዳማን በእጃቸው እየገፉ። «ምነው ይኼን በሰጠሃቸው!»

ይህን ቃል ከአንድ ሰው አፍ ለመስማት ያን ሁሉ ዓመት ስጠብቅ ኖሬያለሁ። ስሰማው ግን ምንም አልረባኝም፤ ባሌ መሬት ላይ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር።